የመጀመሪያው ዙር አይቆጠርም

እኛ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ዙር አይቆጠርም። የኔ ፈጠራ አይደለም፣ የሥራው ሕግ ነው። ኮምፒውተር ሲፈተን በመጀመሪያ ሥራው አንድ ጊዜ ይሰጠውና ውጤቱ ይጣላል፤ ማሽኑ ገና ስላልነቃ የሚያወጣው ቁጥር አይታመንም። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ከሦስቱ መካከለኛው ይመዘገባል። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «አንድን ነገር አራት ጊዜ አሠራና አንዱን እጥላለሁ» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ አይከተልም።

መሥሪያ ቤታችን ሆስፒታሎች የሚገዟቸውን ዕቃዎች ከመገዛታቸው በፊት ይፈትናል። አልጋ የሚፈትኑ አሉ፣ ሚዛን የሚፈትኑ አሉ፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር እፈትናለሁ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ የሙቀት መለኪያ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። ወንበሮቹ ለጌጥ አይደሉም። አንድ ዙር ሲጀመር ሃያ ደቂቃ ያህል ማውሱን እንኳ መንካት ስለማይቻል ሰው ሄዶ እዚያ ቁጭ ይላል።

ይህ የማወራው ነገር ሲጀምር እናቴ ከሞተች ስድስት ወር ሆኗት ነበር። አላለቀስኩም። ሊያጽናኑን የመጡት ሰዎች «ጠንካራ ልጅ ናት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ምን ጠንካራ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ እዚያ አልነበርኩም እንጂ። ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የምበላው ሁሉ ውሃ ውሃ ይለኛል። ለሚጠይቁኝ ሁሉ «እሺ» እላለሁ፤ «አይ» ካልኩ ምክንያት ይጠይቁኛላ።

በዚህ «እሺ» የተነሳ በራችንን ካንኳኳ ሻጭ ላይ መጋረጃ ገዛሁ፤ ከሳሎኑ መስኮት በሁለት ስንዝር ያጥራል። በዚሁ «እሺ» ላገባም ነበር። የእህቴ ባል የአክስት ልጅ፣ የመድን ድርጅት ሠራተኛ፣ ቤታችን መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ጠየቀኝ። «እሺ» አልኩት። እሱ ደስ ብሎት ሲወጣ ታላቅ እህቴ እጄን ይዛ ወደ ኩሽና ወሰደችኝ።

«ስሙን ንገሪኝ እስቲ» አለችኝ።

አላስታወስኩም። በማግስቱ ራሷ ደውላ ነገሩን አፈረሰችው፤ ለእሷም «እሺ» አልኳት።

የእማዬ ስልክ ሳሎን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ሶኬት አጠገብ ነው የሚቀመጠው። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ። የሚደውልበት የለም። አባዬ በአጠገቡ ሲያልፍ ያየዋል እንጂ ነክቶት አያውቅም። ድሮ የሆነ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምደውለው ለእሷ ነበር፤ ሊፍት ውስጥ ስቀር፣ የጫማዬ ተረከዝ ሲነቀል፣ ደሞዝ ሲጨመርልኝ። ከሞተች ወዲህ ግን ይደወል የሚባል ነገር አልገጠመኝም።

አዲሱ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ክፍላችን የመጣው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከኔ ጋር ይሠራ የነበረው ሰውዬ ጡረታ ወጥቶ ከኔትወርክ ክፍል እሱን ላኩልኝ። አንገቱ ረዘም ያለ፣ ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፍ። ገና ሰላም ሳይለኝ የግድግዳውን ሙቀት መለኪያ አየና ወደ መስኮቱ ዞረ።

«መስኮቱን ልዝጋው?» አለኝ።

«እሺ።»

«ይሞቅሻል እኮ።»

«እሺ።»

«እንግዲያው ልተወው?»

«እሺ።»

እጁን መስኮቱ ላይ እንዳደረገ ዞሮ አየኝ። ብዙዎች እንደዚህ ሲያዩኝ ነገር የገባቸው መስለው ፊታቸውን ያሳዝናሉ። እሱ ግን ዝም ብሎ አየኝ፤ ያልተረዳውን ቁጥር እንደሚያይ ሰው። ከዚያ መስኮቱን ዘጋው።

ስም ያወጣችለት የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሴትዮ ናት። ሃምሳ ብሎን ሊረከብ ወርዶ ሦስት ጊዜ ቆጠራቸው፤ ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ። «ይኸን ሦስቴ ውሰጂልኝ» ብላ ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሦስቴ ይለው ጀመር። በር ሲቆልፍ ሦስት ጊዜ ይስበዋል። ደረጃ ላይ ቆሞ ቦርሳውን ሦስት ጊዜ ይዳብሳል። «አትሰለችም?» ብዬው ነበር አንድ ቀን።

«ሁለተኛው ላይ እሰለቻለሁ» አለኝ። «ሦስተኛው ላይ ይወጣልኛል።»

እሱ ከመጣ ከወር በኋላ አለቃችን ሁለት ትናንሽ ካርቶን ይዛ ገባች። አለቃችንን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ፣ ግን ሌላ ምንም ነገር የማትረሳ ሴት ናት።

«ልጆች፣ ለሦስት መቶ የራጅ ክፍሎች ኮምፒውተር ሊገዛ ነው» አለችን። «ሁለት ፕሮሰሰር ቀርቧል። የትኛው ይሻላል ነው ጥያቄው። የሻጮቹን ወሬ ተዉት፣ እናንተ ለኩልኝ።» ከዚያ ወደሱ ዞረች። «በሌላ ከተማ አዲስ የፈተና ክፍል ይከፈታል። ይህ ሪፖርት ካማረ ክፍሉን የምትመራው አንተ ነህ። ስምህን ሰጥቻለሁ።»

ሦስቴ ጆሮው ቀላ። አባቱ የሞተው ራጁን የሚያነበው ማሽን ሁለት ቀን ስለቆየበት እንደሆነ በኋላ ወንበሮቹ ላይ ቁጭ ብለን ነግሮኛል። አዲሱን ክፍል እንዲህ የፈለገው ለሹመት ብሎ አልነበረም።

ፕሮሰሰሮቹ እያንዳንዳቸው የክብሪት ቀፎ አያክሉም። በካርቶናቸው ላይ ባለው ቀለም አንዱን ሰማያዊው፣ ሌላውን ብርቱካኑ አልናቸው። ማወዳደር ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ሌላውን ነገር ሁሉ አንድ ማድረጉ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ሜሞሪ፣ አንድ ዓይነት ዲስክ፣ አንድ ዓይነት ማቀዝቀዣ፣ ክፍሉም ሁልጊዜ ሃያ ሁለት ዲግሪ። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ከፕሮሰሰሩና እሱ ከሚቀመጥበት ሰሌዳ በቀር ልዩነት መኖር የለበትም። መገጣጠሙ የኔ ሥራ ነው፣ መለካቱ የሱ። ፕሮሰሰሩን በቦታው አስቀምጣለሁ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ግራጫ ቅባት ላዩ ላይ አደርጋለሁ፣ ከማቀዝቀዣው ሆድ ላይ ያለችውን ስስ ላስቲክ ልጬ አነሳለሁ፣ ማቀዝቀዣውን እጭናለሁ፣ በወረቀቱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ለስምንት ዓመት ሠርቼዋለሁ። እጄ ብቻውን ይሠራዋል።

የዚያን ቀንም እጄ ብቻውን ሠራው።

ሥራው ስድስት መቶ የራጅ ምስል አንብቦ ማጥራት ነበር። ሰማያዊው በአሥራ ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ጨረሰ። ብርቱካኑ በመጀመሪያው ደቂቃ ሲከንፍ ቆየና ድንገት ፍጥነቱ ወረደ፤ ሃያ አራት ደቂቃ ፈጀበት። ሦስቴ መለኪያውን አየ፣ ደግሞ አየ።

«ብርቱካኑ በጣም ይሞቃል» አለኝ። «ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማቀዝቀዣውን አይተሽዋል?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ አይቻለሁ።»

ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ይዞ ነበር። መልሶ አስቀመጠው። «በቃ፣ በሥራ ነገር ያንቺ ቃል ይበቃኛል» አለ።

ከዚያ ወንበሮቹ ላይ ቁጭ ብለን ቀጣዩን ዙር ጠበቅን።

እነዚያ ወንበሮች ላይ ያላወራነው የለም። እሱ ያወራል ማለቴ ነው። ስለ አባቱ፣ ልጅ ሳለ ሰዓት ፈታትቶ መግጠም አቅቶት በሻንጣ ስለደበቀው፣ ስለ አከራዩ ድመት። እኔ ዝም እላለሁ። ዝምታዬ አያሳፍረውም፤ ማሽኑም እኔም እየሠራን እንደሆነ ቆጥሮ ይጠብቃል። አንድ ቀን መጋረጃውንና የመድን ድርጅቱን ሰውዬ ነገርኩት። ሌላው ሰው ሲሰማው የሚስቅበት ቦታ ላይ አልሳቀም።

«ስሙን እስካሁን አላወቅሽም?» አለኝ።

«እህቴ ነገረችኝ። ደግሜ ረሳሁት።»

«የኔንስ?»

ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀና ወደ ሰዓቱ ዞረ። ሲዞር ፈገግ ብሎ እንደነበር ከጉንጩ አየሁ። ማየቴ ራሱ ገረመኝ፤ ሰው ጉንጭ እንዳለው ካስተዋልኩ ቆይቼ ነበር።

የሰማያዊውን ሁለተኛ ዙር በምንጠብቅበት ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣

«አንቺን ማግባት እፈልጋለሁ» አለኝ። «ታገቢኛለሽ?»

«እሺ» አልኩት።

ሰዓቱን ቀና ብሎ አየ። «አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም» አለ።

«ምኑ?»

«መልስሽ። ወደ ሌላው ከተማ ስሄድ አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«እሺ።»

«አባትሽስ?»

አባዬ ጭራሽ ትዝ አላለኝም ነበር። እማዬ ከሞተች ወዲህ ሻይ እንኳ ካላፈላሁለት የማይጠጣውን አባቴን፣ እንደ መጋረጃው ግዢ፣ በአንዲት «እሺ» ትቼው ልሄድ ነበር።

«ይኸን አልመዘግበውም» አለ ሦስቴ። ድምፁ አልተለወጠም፣ ጉልበቱ ላይ ያሉት እጆቹ ግን ተጨባብጠው ነበር። «የመጀመሪያው ዙር አይቆጠርም። ሦስት ጊዜ እጠይቅሻለሁ። እዚሁ ወንበር ላይ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ ተዘግቶ። መካከለኛውን እንወስዳለን።»

«ከሦስቱ ሁለቱ እምቢ ቢሆንስ?»

«እምቢ ይሆናላ» አለኝ። «ልኬት ነው።»

እሁድ ምሳ ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ወሬ ካልጠፋ በቀር እኔና አባዬ እንዲህ ያለ ነገር አናወራም፤ የዚያን ቀን ወሬ ጠፍቶ ነበር። «እሺ ብለው አልመዘግብም አለኝ» አልኩት። አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። አጭሯን መጋረጃ፣ ከሥሯ ያለውን ስልክ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ልክ ነው» አለና መብላቱን ቀጠለ።

በሳምንቱ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያውን የሚቆጠር ዙር ጠየቀኝ። ለመመለስ አሰብኩ፣ ውስጤን ፈለግሁ። ባዶ ቤት ገብቶ ሰው እንደመጣራት ነበር።

«አላውቅም» አልኩት።

ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈ። «ጥሩ ነው» አለኝ። የምሩን ነበር።

ሪፖርቱ አሥራ ሁለት ገጽ ሆነ። ሰማያዊው አሸነፈ፤ ብርቱካኑ ረጅም ሥራ አይችልም፣ ይሞቃል። ሁለታችንም ፈረምን። እትዬ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ከዳር እስከ ዳር አነበበችውና «እንዲህ ያለ የጸዳ ሥራ ካየሁ ቆይቻለሁ» አለች። ነገ ጠዋት ወደ ግዢ ክፍል ይሄዳል። ሦስቴ ቅዳሜ ይጓዛል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል። ከመሄዱ በፊት ሁለት ጥያቄ ቀርቶት ነበር፤ ሐሙስና ዓርብ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹን ለመፈታታት ብቻዬን ነበርኩ። ናሙናዎቹ ለሻጮቹ ይመለሳሉ። የሰማያዊውን ፈታሁ። የብርቱካኑን ማቀዝቀዣ ብሎኖች አላልቼ ሳነሳው ግራጫው ቅባት ተዘርግቶ፣ ከቅባቱ በላይ የሆነ ነገር አብረቀረቀ። በጥፍሬ ጫፉን ያዝኩት። ተላጠ። ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጫፏ ላይ «ከመግጠምዎ በፊት ያንሱ» የሚል የተጻፈባት ላስቲክ።

ክው ብዬ ቀረሁ።

ብርቱካኑ የሞቀው በራሱ ጥፋት አልነበረም። ብርድ ልብስ አልብሼው ሩጥ ብዬዋለሁ። ወረቀቱን አወጣሁ፤ «ላስቲኩ ተነስቷል» ከሚለው አጠገብ የኔ ምልክት አለ፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ። መቼ እንዳደረግሁት አላስታውስም። «አዎ አይቻለሁ» ያልኩትን ግን አስታውሳለሁ።

የቆሻሻ ቅርጫቱ እግሬ ሥር ነበር። ላስቲኳ ከጣቴ ጥፍር አትከብድም። ማንም አይቷት አያውቅም፣ ማንም አያያትም። ብጥላት ሦስቴ ቅዳሜ ይሄዳል፣ የሚመኘውን ክፍል ይመራል። ሦስት መቶ የራጅ ክፍልም ሰማያዊውን ያገኛል፤ እሱም ቢሆን መጥፎ አልነበረም። ብናገር ሹመቱ ይቀርበታል። ያንን ያህል ያመነኝ ሰው በኔ ምክንያት ውሸት ፈርሟል። «ጣያት» የሚለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ «እሺ» እለው ነበር ብዬ እፈራለሁ። ደግነቱ ማንም አልነበረም።

እጄ ላስቲኳን ጨብጦ አልለቅ አለ። ፈርቶ እንደሆነ ገባኝ። ለወራት ምንም ያልተሰማው ሰውነቴ የፈራው ያን ሰው እንዳያጣ ነበር።

ሦስቴን ከምድር ቤት ጠራሁት። ሲገባ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። እሱም ልማዱ ነውና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ላስቲኳን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም፤ ዓይኑ ከላስቲኳ ወደተፈታው ማሽን ሄዶ ተመለሰ።

«ጠይቄሽ ነበር» አለ።

«ጠይቀኸኛል።»

«አዎ አልሽኝ።»

«አላየሁም ነበር። ሳላይ ነው አዎ ያልኩህ።»

ላስቲኳን ከመዳፌ አንስቶ ጫፏ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር። «የጋብቻ ጥያቄዬን ስትመልሺልኝ አላመንኩሽም» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ደግሜ ልጠይቅ አልኩ። ይኸኛውን ግን አንዴ ጠይቄ አመንኩሽ። በሕይወቴ ሦስቴ ያላየሁት ነገር ያንቺን አዎ ብቻ ነው።»

ያኔ አለቀስኩ። ለሐዘን ቤት ያልመጣ እንባ ለአንዲት የላስቲክ ቁራጭ መጣ። ተንሰቀሰቅሁ። ስለ ላስቲኳ ጀመርኩና ወዲያው ስለሷ አልሆነም፤ እማዬን ሆስፒታል ለመጨረሻ ጊዜ ሳያት «ነገ ትመጫለሽ?» ብላኝ «እሺ» ማለቴ፣ እሷም ነገን ሳታይ መሞቷ ነበር። ይህን ለሦስቴ እያለቀስኩ ነገርኩት። ለማንም ነግሬው አላውቅም።

አላቀፈኝም፣ አይዞሽም አላለኝም። ተቀይሞ ነበር፣ መብቱም ነው። ግን ተነስቶ በአጠገቡ ያገኘውን ጨርቅ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። ፊቴን ጠረግሁበት። ቅባቱን የምንጠርግበት ጨርቅ ኖሯል፤ እትዬ ክፍል የገባሁት ፊቴ ግራጫ ሆኖ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ እትዬ።

ነገርኳት። ሦስቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እትዬ ላስቲኳን ወደ መብራቱ አቅንታ አየቻት፤ ከዚያ ሪፖርቱን ከመሳቢያዋ አወጣች።

«ስንት ቀን ይበቃችኋል?»

«አራት» አልኳት።

«አንቺ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል።»

«ይጻፍብኝ።» እሺ እንዳላልኩ ሦስታችንም አስተዋልን መሰለኝ።

ወደሱ ዞረች። «ያንተን ቦታ አላቆይልህም። ቅዳሜ ሰው መሄድ አለበት።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ሌላ ጊዜ ይከፈታል ብዬም ቃል አልገባልህም።»

«አውቃለሁ።»

እንደገና ጀመርን። የብርቱካኑን ማቀዝቀዣ ስገጥም እሱ አጠገቤ ቆሞ ሦስት ጊዜ አየ፤ እኔም ሦስት ጊዜ አየሁ። ሁለት ቀን ከቁጥር በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ወንበሮቹ ላይ ስንቀመጥ እሱ ሰዓቱን፣ እኔ ጫማዬን። ሐሙስ አሥር ሰዓት ሆነና አለፈ። ዓርብ አሥር ሰዓት ሆነና አለፈ። ቅዳሜ በሱ ቦታ የተተካው ልጅ ሲሳፈር ሦስቴ መስኮቱ ላይ ቆሞ መኪናው ከግቢው በር እስኪወጣ አየ። መመልከቴን አውቋል፣ አልዞረም። አመመኝ። አሁን የሚያመኝ ነገር ነበረ፤ ቤት ስሄድም አብሮኝ ይሄዳል፣ ምግብ ላይም አብሮኝ ይቀርባል። ምግቡ ግን ጨው ጨው ማለት ጀምሯል።

ሰኞ የመጨረሻው ዙር ነበር፤ የብርቱካኑ ሦስተኛ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ማሽኑን አስነሳንና ወንበሮቻችን ላይ ተቀመጥን። ላብ አጠመቀኝ፣ ከሃያ ሁለት ዲግሪ ዝንፍ ባላለ ክፍል ውስጥ።

«ሁለት ዙር ይቀርሃል» አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል። «ያ ፈተና ተቋርጧል» አለ።

«እኛ ክፍል የተቋረጠ ፈተና አይተውም። ስህተቱ ተገኝቶ፣ ተስተካክሎ ይቀጥላል።»

«እምቢ ልትይኝም ትችያለሽ።»

«ልኬት ነው» አልኩት።

ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አየኝ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ተነስቶ የተዘጋውን መስኮት ገፋ ገፋ አድርጎ አረጋገጠ፤ ተመለሰና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ታገቢኛለሽ?»

አልመለስኩለትም። መመለስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መጣብኝ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ማየት ነበረብኝ። አባዬ መጣ፣ ሻዩ። ያለሱ የሄደው መኪና። ይህ ሰው «ላስቲኩን አንስቻለሁ» ብለው ዳግመኛ ያምነኝ ይሆን የሚለው። እማዬ ብታየው ስለ ሸሚዙ ቁልፍ ምን ትል እንደነበር። ሳቄ መጣ፣ እንባዬ መጣ፣ ሁለቱንም ዋጥኳቸው። የማሽኑ ማራገቢያ ያጉረመርማል። ሦስቴ አልተንቀሳቀሰም፣ አልጎተጎተኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ምራቁን ሲውጥ ረጅሙ አንገቱ ላይ አየሁት፣ ያኔ አንጀቴን በላው።

«እሺ» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። «አሥራ አንድ ደቂቃ» አለ። ድምፁ ሻክሯል።

«ዘገየሁ?»

«በጣም ዘገየሽ» አለኝና ማስታወሻውን ከኪሱ አወጣ። ሊጽፍ ሲል እስክሪብቶው ከእጁ አመለጠው። እኔ ይዤለት አብረን ጻፍነው።

ብርቱካኑ በአሥራ ሰባት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ጨረሰ። ከሰማያዊው በሃምሳ ሰከንድ ይቀድማል፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ፍጥነቱ አልወረደም። ሦስቴ ቁጥሩን ይዞ ወደ እትዬ ወረደ። ካስማ እንደተነቀለበት ድንኳን እየተወዛወዘ ሲወጣ በሩን መሳብ ረሳ።

ብቻዬን ቀረሁ። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ። ጣቴ ወዴት እንደሄደ ያወቅሁት መጥራት ከጀመረ በኋላ ነው፤ የእማዬ ቁጥር ነበር። አንድ ነገር ሆኖ ነበርና ጣቴ እንደድሮው ወደሷ ሄደ። መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። ይጠራል፤ በየጠዋቱ ቻርጅ ሳደርገው የኖርኩት ስልክ ነው፣ ለምን አይጠራ። ሳሎን ውስጥ፣ ከአጭሯ መጋረጃ ሥር ሲንዘፈዘፍ ታየኝ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ጠራ።

ተነሳ።

«አቤት» አለ አባዬ።

ትንፋሹን እሰማለሁ።

«አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«ምን ሆነሻል?»

«እሺ አልኩት።»

ወንበር ሲጎትት ሰማሁ፤ ቁጭ ሊል ነው።

«ተመዘገበ?» አለኝ።

«ተመዘገበ። ሁለተኛው ዙር ነው፣ አንድ ይቀረናል።»

«እንግዲያው ሦስተኛውን እዚህ መጥቶ ይጠይቅ» አለ አባዬ። «እኔም ልስማው። መስኮቱን እዘጋለሁ።»